የጥሩሰው ዓመት

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ።

አንዱ ከኮት ኪስ፣ አንዱ ከነጠላ ጫፍ፣ አንዱ ከአግዳሚው ሥር፤ የሁሉም ድምፅ አንድ ዓይነት፣ የዕንቁጣጣሽ ከበሮ ያለበት ቁራጭ ዘፈን። ንፍሮ የሚቅመው ሁሉ ንፍሮውን ትቶ ኪሱን ዳበሰ። ዕለቱ መስከረም አንድ ነው። ጥሩሰው የተቀበረው ጳጉሜ ሳትወጣ ስለነበር፣ የነገሌ ቦረና ሰው እንኳን አደረሰህ ሲባባል እሱ ደጅ የዕድሩ ድንኳን ተተክሎ፣ ሚስቱ በለጡ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች።

በለጡ መጀመሪያ የመልካም አዲስ ዓመት መልእክት መስሏት አልተቀየመችም። ስልክ ሐዘን መኖሩን ምን ያውቃል? ነገር ግን ሰዉ ስልኩን አይቶ እሷን አየ፤ እሷን አይቶ መሬት አየ። የዕድሩ ጸሐፊ ደሳለኝ ስልኩን ደፍቶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። የጥሩሰው ወዳጅ የከብት ነጋዴው ጃታኒ ብቻ ባለቁልፍ ስልኩን አውጥቶ አገላብጦ አየና ግራ ገባው።

«አካም፣ እንዴት የኔ ብቻ አልጮኸም! ምን ተገኘ?» አለ ጮክ ብሎ።

በለጡ ወደ ዘቢባ ዞረች። ዘቢባ ከቤታቸው አጠገብ ያለው ሱቅ ባለቤት ናት፤ አብረው ወልደው አብረው ያረጁ ጎረቤታሞች ናቸው።

«ምንድን ነው?»

«ምንም። የካርድ ማስታወቂያ ነገር ነው።»

«ዘቢባ።»

«ተይው በልጥዬ፣ ኋላ ታዪዋለሽ።»

«አምጪው አልኩሽ።»

ስልኩ ላይ ጥሩሰው ይስቃል። ዙሪያውን አደይ አበባ ተደርድሮበታል። «እንኳን አደረሰዎ፣ ጥሩሰው! የእርስዎ 2017 ይህን ይመስል ነበር» ይላል። ሥዕሉ በራሱ ጊዜ እየተገለበጠ ሄደ። ብዙ የተጓዙበት መንገድ፦ ከነገሌ ፊልቱ። ከቤትዎ ቀጥሎ ረጅም ሰዓት የቆዩበት ስፍራ፦ ፊልቱ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለ መኖሪያ ቤት፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። መጨረሻው ላይ «ዓመቱን አብረውዎት ያሳለፉት ሰው» የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ከሥሩ የአንዲት ወጣት ሴት ፎቶ፣ ስሟም ሚልኪ። በፎቶው ላይ ቀያይ ልቦች ከታች ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ።

በለጡ ስልኩን መለሰችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሰዉ የምታለቅስ መሰለው። እንባ አልነበረም፤ እንዲህ ተናዳ አታውቅም።

የጥሩሰው ታናሽ ወንድም አሸቱ ከደብረ ማርቆስ ለቀብር ነበር የመጣው። አሁን አሁን ለቅሶ ያለ ትልቅ ፎቶ ለቅሶ አይመስልምና፣ ባነር ለማሳተም ፎቶ ሊፈልግ የሟቹን ስልክ የወሰደው እሱ ነው። አሁን ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ቤት ውስጥ ድረስ ተከተላት። ላቡ ይንጠፈጠፋል።

«እታለም፣ በእግዜር ይዤሻለሁ፣ ፎቶ ስፈልግ ነው። አንድ ነገር እየመጣ ይጋረድብኛል፤ እሺ ስለው ይነሣል። ደግሞ ሌላ ይመጣል። ‹ለወዳጆችዎ ሁሉ ያድርሱ› ቢለኝ የሞቱን ነገር ለዘመድ ወዳጅ የሚያደርስልን መሰለኝ። ፊልቱና ሞያሌ ያሉት ሳይሰሙ ቀሩ ስትሉ ነበርና፣ እሰየው ብዬ እሺ አልኩት።»

በለጡ ልትቆጣው አፏን ከፍታ ተወችው። ምን ትለዋለች? ወንድሙ የሞተበት ሰው ፎቶ ፍለጋ ገብቶ ወጥመድ ረገጠ። ወጥመዱን ያጠመደው ማን እንደሆነ፣ የት ቢሮ ተቀምጦ ሐዘንተኛ እጁን እስኪያስገባ እንደሚጠብቅ አታውቅም እንጂ፣ ብታገኘው የምትለው ሞልቷል።

አፑ «አለሁ» ይባላል፤ መንገደኛ ያለው ቤት ሁሉ ጭኖታል። ስልኩ ላይ የጫነችለት ልጃቸው ትንቢት ነበረች። ሐዋሳ ባንክ ቤት ትሠራለች። ጥሩሰው ደግሞ የጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ መካኒክ ነበር፤ ሙያውን ነገሌ ባለው ጦር ሰፈር ውስጥ ተምሮ፣ በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን አገሩ አልተመለሰም፤ በለጡን አግብቶ እዚሁ ቀረ። በየሳምንቱ ሐሙስ በአይሱዙ ፊልቱ ይወርዳል፣ ከሹፌሩ ጋር በየጊዜው በተገኘው መኝታ ቤት አድሮ አርብ ይመለሳል። መንገዱ አንዳንዴ ሰላም አይሆንም፤ ኔትወርክም ይጠፋል። ትንቢት በጭንቀት ልታልቅ ደረሰች።

«አባዬ፣ ይቺን አረንጓዴ ቁልፍ ብቻ ትነካታለህ። ‹አለሁ› ብላ ለእኔም ለእማዬም ትልካለች። በቃ» አለችው።

ከዚያ በፊት ግን ስልኩ ረጅም ጽሑፍ አመጣ፤ ቢጎትቱት ቢጎትቱት የማያልቅ። መጨረሻው ላይ «ተስማምቻለሁ» የሚል አለ። ጥሩሰው ስልኩን ራቅ አድርጎ ይዞ ዓይኑን ከላይ ወደ ታች አንቀሳቀሰ፣ ራሱንም ነቀነቀ። ከዚያ በለጡን አየ። በለጡም አላነበበችውም፤ ያን ሁሉ የሚያነብ ማን አለ? «ንካው፣ ለደህና ነው» አለችው። ነካው።

ያቺን አረንጓዴ ቁልፍ ግን ወደዳት። ፓምፕ ፈትቶ ሲጨርስ ይነካታል፤ ሻይ ሲጠጣ ይነካታል። ለልጁ መልእክት ለመላክ ማንም የማያስፈልገው በእሷ ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም ጥሩሰው ማንበብ አይችልም።

ይህን በነገሌ በለጡ ብቻ ነበረች የምታውቀው። ስሙን ይፈርማል፤ ቁጥር ላይ ማንም አይደርስበትም። ፊደል ግን በልጅነቱ የሚያስቆጥረው አላገኘም፣ ውትድርናውን ጓደኞቹ እያነበቡለት አለፈው፣ ካደገ በኋላ ደግሞ አፈረ። ነገሩን የባሰ ያከበደው የዕድሩ ዳኝነት ነው። ዳኛ አድርገው ሲመርጡት እምቢ ማለት አቃተው፤ ዳኛ ደግሞ ቀብር ላይ የሟቹን የሕይወት ታሪክ ያነባል። ስለዚህ ወረቀቱን ቀደም ብሎ «ልለማመደው» ብሎ ይዞት ይመጣል። በለጡ ታነብለታለች። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል፤ ገጹ የት ላይ እንደሚዞር ሳይቀር ያጠናል። መቃብሩ ዳር ቆሞ ሲያነብ ድንጋይ ያስለቅስ ነበር።

አንድ ጊዜ ግን የሟች ቤተሰቦች የረሷትን ልጅ ስም በመጨረሻው ሰዓት በእስክሪብቶ ጨመሩ። ጥሩሰው ስሟን ዘለለው። ልጅቷ ሆን ብሎ የዘለላት መሰላት፤ መንገድ ላይ ስታየው መንገድ ትቀይር ነበር። በለጡ «እውነቱን ንገራትና ይውጣልህ» ብትለው፣ «ክፉ ሰው ነው ብትለኝ ይሻለኛል» አለ።

ትንቢት ዩኒቨርሲቲ የገባች ሰሞን ደግሞ እንዲህ ብሏት ነበር፦ «ሌላው ቢያውቅ እንደምንም እችለዋለሁ። ትንቢት ግን እንዳታውቅ። ደብተሯን እያየሁ ‹ጎበዝ› እያልኩ ያሳደግኳት ልጅ ናት። አደራ።»

ከሰዓት በኋላ ትንቢት ከድንኳኑ ጀርባ ቆማ የአፑ ድርጅት ዘንድ ደወለች። እናቷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ያነሣችው ሴት ድምፅ የተሞረደ ነው።

«ደንበኛው የዓመቱን ማጠቃለያ ለወዳጆቻቸው እንዲደርስ ፈቅደዋል።»

«አባቴ ሞቷል እኮ ነው የምልሽ!»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት። መረጃ እንዲሰበሰብም ሲመዘገቡ በገዛ ፈቃዳቸው ተስማምተዋል።»

«አጥፉልን።»

«ለማጥፋት ባለቤቱ ራሳቸው በስልካቸው ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።»

«ባለቤቱ አፈር ውስጥ ነው ያለው!»

«ይገባኛል። መመሪያው ግን...»

በገዛ ፈቃዳቸው! በለጡ ስልኩን ነጥቃ «የማያነብ ሰው ፊት ጽሑፍ ዘርግታችሁ ነው ፈቃድ የምትሉት?» ልትላት ፈለገች። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ትንቢት ግን ፊት ለፊቷ ቆማለች፣ ዓይኗ በእንባ አብጧል። በለጡ መልሱን ዋጠችው።

ትንቢት ስልኩን ዘጋችው። ድርጅቱ ላይ ያልወጣላት ንዴት መሄጃ ፈለገ።

«እማዬ፣ ግን አባዬ ፊልቱ ምን ነበረው?»

«ሥራ ነበረው።»

«ሐሙስ ሐሙስ፣ ሴት ቤት?»

«ትንቢት፣ አባትሽ ነው።»

«አባቴ መሆኑን ማን ካደ? ባለሥራ መስሎን ስንጨነቅለት... ለአንቺ ነው የማዝነው።»

እውነቱ ይነገር ከተባለ በለጡም ጠርጥራለች። ከዓመት ወዲህ ጥሩሰው ሐሙስ ጠዋት እጁን በቤንዚን አጥቦ በሳሙና ይደግመው ነበር። ለቤተ ክርስቲያን እንኳ እንዲያ አይታጠብም። «ለማን ነው ይሄ ሁሉ?» ስትለው «ለሰው ነዋ» ብሎ ስቋል። ያን ሳቅ አሁን ሌላ ትርጉም ትሰጠዋለች። ደግሞም በራሷ ትናደዳለች፤ እድሜ ልኳን ያመነችውን ባል በአንድ ሥዕል ልትክደው ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ሹክሹክታው አላቆመም። ለቀስተኛው ይመጣል፣ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል፣ ይቀመጣል፣ ስልኩን ያወጣል። ጥሩሰው ያስነሣለትን ጄኔሬተር የሚያወራ ጠፋ። ቀብሩ ላይ ደረት የመታ ሰው ዛሬ ቀያዮቹን ልቦች እየነካ ሥዕሉን ለሌላው ያሳያል።

በማግስቱ ሴትየዋ ራሷ መጣች።

ፊቷ የፊልቱን መንገድ አቧራ እንደለበሰ ነው። ድንኳኑ በር ላይ ቆማ እንደ ደንቡ አለቀሰች፤ ተነሥቶ የተቀበላት የለም። አንዲት ሴት ጉሮሮዋን ጠረገች። የስልኩ ፎቶ ላይ ያለችው እንደሆነች ለማንም መንገር አላስፈለገም። በለጡ ተነሣች፤ እጇን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ በለጡ» አለች ሚልኪ። «ለቀብሩ ያልደረስኩት ስላልሰማሁ ነው። ኦቦ ጥሩሰው መሞታቸውን የሰማሁት አከራዬ ስትሰድበኝ ነው። ‹የሽማግሌ ቅምጥ፣ ሞቶብሻል ሂጂ አልቅሺ› አለችኝ።»

«ምንሽ ነበር?» አለች በለጡ። ማለስለስ አልቻለችም።

«ተማሪዬ ነበሩ።»

በለጡ የጤፍ ጆንያው ላይ ተቀመጠች።

ሚልኪ የነገሌ ልጅ ናት፤ ፊልቱ ላይ አማርኛ ታስተምራለች። ጥሩሰው የትምህርት ቤቱን ፓምፕ ሊጠግን መጥቶ፣ ሥራውን ጨርሶ ክፍሉን በመስኮት ሲያይ አገኘችው። ልጆቹ ሲወጡ ጠጋ ብሎ «ልጄ፣ ትልቅ ሰው ፊደል ለመቁጠር ይመሽበታል እንዴ?» አላት።

«ሰው እንዳያያቸው ብለው እቤቴ ይመጡ ነበር። ግራሶው መጽሐፉን እንዳያበላሽ እጃቸውን ታጥበው ነው የሚመጡት። ‹የልጄን ቃል በሚስቴ አፍ እየሰማሁ አረጀሁ፤ አንድ ቀን በራሴ ዓይን ልየው› ይሉኝ ነበር። ‹በለጡን እኔው ራሴ አስደንቃታለሁ፣ ዝም በዪ› ብለው አስማሉኝ።»

«የት ደርሶ ነበር?»

«ቀስ ብለው ነው እንጂ ያነባሉ። በክረምቱ የትንቢትን አንድ መልእክት ያለ እኔ እርዳታ ጨረሱት።»

«ምን ይላል?»

«‹አባዬ፣ ዝናብ አለ ወይ?› ይላል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም። ያው ነው። ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ ውጭ ወጥተው ሰማዩን አይተው መጡ።»

በለጡ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላለቀሰችውን ለቅሶ አለቀሰች። ሚልኪ አጠገቧ ተንበርክካ ጉልበቷን ያዘች።

«አሁን ግን እኔ እንዴት ልሁን?» አለች ሚልኪ። «አከራዬ ልቀቂ ብላኛለች። ርእሰ መምህሩ ጠርቶኛል። እናቴ እዚሁ ነገሌ ነው ያለችው፣ ደጅ መውጣት አፍራለች። ፎቶዬን ማን ስጡ አላቸው? እኔ አፑን ያስገባሁት እናቴን ላገኝበት ነው። ልናገር ወይስ ልተወው?»

ይህ በለጡን አስጨነቃት። የሟቹን ምስጢር የምትጠብቀው በዚች ልጅ ስም መጥፋት ከሆነ፣ ያ ጥበቃ ምኑ ነው ጽድቁ?

«ስምሽን ለማዳን ብትናገሪ አልፈርድብሽም» አለቻት። «እሱም አይፈርድብሽም።»

ሚልኪ ራሷን ነቀነቀች። «አይ። ምዬላቸዋለሁ። ግን ስወጣ ያ ሁሉ ዓይን...»

ድንኳኑ ሲደርሱ ወሬው ቆመ። ደሳለኝ ካፖርቱን አስተካክሎ ተነሣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የዕድር ጸሐፊነት ለነገር ሁሉ መቋጫ እንዲፈልግ አድርጎታል።

«እመት በለጡ፣ ድፍረት አይሁንብኝና፣ እንደሚያውቁት ነገሩ ከተማውን አዳርሷል። ዳኛችን የተከበሩ ሰው ነበሩ። ለስማቸው ሲባል ቤተሰቡ አንድ ማብራሪያ ቢሰጥ...»

«እውነት ነው እታለም፣ ስሙን እናጥራለት እንጂ» አለ አሸቱ።

«ማብራሪያ?» አለች በለጡ።

እንዲህ ጮክ ብላ ተናግራ አታውቅም፤ ዘቢባ እንኳ ደነገጠች።

«እዚህ ከተማ ውሃ ሲጠፋ ስንት ዓመት ጉድጓድ ሲወርድላችሁ፣ የት ነበርክ ብሎ የጠየቀው ሰው አለ? ሙሽራ ስትድሩ መብራት ሲሄድባችሁ ከእንቅልፉ ስትቀሰቅሱት ማብራሪያ ስጥ አላችሁት? ዛሬ አንድ የማናውቀው ድርጅት፣ ዓይኑን አይተን የማናውቅ፣ ኪሱ ውስጥ ተደብቆ የሄደበትን ሁሉ ሲቆጥር ከርሞ፣ ልብ ስሎበት፣ ከበሮ መትቶበት፣ በለቅሶው ቀን በየኪሳችሁ ሲያስገባው፣ እሱን ሌባ ያለው የለም። የዚችን የሰው ልጅ ፎቶ ሳያስፈቅድ ሲበትነው ምን አደረገችህ ያለው የለም። ማብራሪያ የሚጠየቀው አፈር የለበሰው ሆነ!»

«እኛ እኮ...»

«አንተ ዝም በል ደሳለኝ፣ አልጨረስኩም። የት ይሄድ እንደነበር አውቃለሁ። አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ታፍራላችሁ፤ ማፈራችሁን ግን አልፈልገውም፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ሰውየው የራሱ የሆነ አንድ ነገር ነበረው። የራሱ ሆኖ ይቅርለት።»

«ዱጋ ነው» አለ ጃታኒ ከአግዳሚው ጥግ። «እውነቷን ነው።»

ትንቢት ከፍራሹ ላይ ቀና አለች። «እኔስ እማዬ? እኔም ከእነሱ ነኝ?»

በለጡ ልጇን አየቻት። ግንባሯ የአባቷ ነው፤ ሲከፋት እንደሱ ከንፈሯን ትነክሳለች። ሁለት ቃል ብትናገር ልጇ አባቷን መልሳ ታገኘው ነበር። ሁለት ቃል ብቻ! በለጡ ቃሉ እስኪያልፍላት ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።

«አንቺም» አለች። «ለአንቺ ደግሞ ከሁሉ በላይ። እመኚኝ፣ አንቺን ስለሚወድ ነው።»

ሚልኪ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ልትሄድ ነጠላዋን አጣፍታለች፣ ሰው ሳያያት ልትወጣ ጎንበስ ብላለች። በነገሌ ለቅሶ ቤት እንግዳ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ፍራሹ የሥጋ ነው፣ እናትና ልጅ፣ እህትና ወንድም። በለጡ ልጅቷን ክንዷን ይዛ በሰዉ ሁሉ መካከል አሳለፈቻት። ፍራሹ ላይ ራሷ ተቀመጠችና ወደ ጎኗ ሳበቻት። ጋቢዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ግማሹን ለራሷ አስቀርታ ግማሹን ሚልኪ ላይ ጣል አደረገች። ደሳለኝ ተቀመጠ። ዘቢባ ስልኳን አጥፍታ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ትንቢት የማታውቃትን ሴት፣ ከዚያ እናቷን፣ ደግሞ የማታውቃትን ሴት አየች። ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሰብስባ ቦታ ለቀቀችላት።